በጭቃ የተጻፈና በድንጋይ የተጻፈ

የታሪክ መምህራችን የግሪክን ታሪክ የሚጀምሩት ከአቴና ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «አቴና» እና «እስፓርታ» ብለው ይጽፉና በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። በግራ በኩል ዴሞክራሲ፣ በቀኝ በኩል ጦር፤ ፈተና ላይም የሚመጣው ይኸው ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው እያራገፉ «ከዚያ በፊትማ ጨለማ ነው» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። ጠያቂው እኔ አልነበርኩም፤ መልሱ እስከ ዛሬ ያልለቀቀው ግን እኔን ነው።

ለነገሩ መምህራችን ከራሳቸው አላመጡትም። ከ1200 እስከ 800 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ. እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ የቀሩትም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያለውን ዘመን ምሁራኑም «የጨለማው ዘመን» ሲሉት ኖረዋል። እኔን የገረመኝ መጨለሙ ሳይሆን በጨለማው ውስጥ የጠፋው ነገር ነው። የጠፋው ጽሕፈት ነው። ግሪኮች ይጽፉ ነበር፤ ረሱት፤ አራት መቶ ዓመት ያህል ያለ ጽሕፈት ኖሩ፤ ከዚያ በሌላ ፊደል እንደገና ጀመሩ። ፊደል አለን እያልን ደረታችንን ነፍተን ላደግን ለእኛ እንዲህ ያለው ነገር ለማመን ያስቸግራል። ሕዝብ መጻፍን እንዴት ይረሳል?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ምን ይጽፉ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ እስከ 1952 ድረስ አይታወቅም ነበር።

እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ በ1900 በቀርጤስ ደሴት ክኖሶስ በተባለው ሥፍራ መቆፈር ሲጀምሩ አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ከነሥዕሎቹ አገኙ። የቀርጤስን ሥልጣኔ በአፈ ታሪኩ ንጉሥ በሚኖስ ስም «ሚኖአዊ» ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ከፍርስራሹ መካከል በሹል ነገር የተጫጫሩ ብዙ የጭቃ ሰሌዳዎችም ወጡ። ጽሕፈቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ «መስመራዊ ሀ» እና «መስመራዊ ለ» ብንላቸው ያስኬዳል። የመጀመሪያው ዛሬም ያነበበው የለም። ሁለተኛው በ1939 አሜሪካዊው ካርል ብሌገን በዋናው የግሪክ ምድር፣ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባለችው በጲሎስ ቁፋሮ በጀመረበት ቀን በብዛት ተገኘ። ኤቫንስ ግን ቋንቋው ግሪክኛ ነው ብለው ሳያምኑ በ1941 አረፉ።

ፍቺው የተገኘበትን መንገድ የአማርኛ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። አሊስ ኮበር የተባሉ በኒው ዮርክ የብሩክሊን ኮሌጅ መምህርት ማታ ማታ ከሥራ መልስ የምልክቶቹን ድግግሞሽ ይቆጥሩ ነበር። ወረቀት በጠፋበት በጦርነቱ ዘመን በአሮጌ የፖስታ ካርድና በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፉ፣ በባዶ የሲጋራ ካርቶን እያጨቁ 180,000 ያህል ቁራጭ ወረቀት አከማቹ። ያስተዋሉት ይህን ነበር፦ አንዳንድ ቃላት አጀማመራቸው አንድ ሆኖ መጨረሻቸው ላይ ምልክቱ ይለዋወጣል። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቶች» የሚሉትን ቃላት ቢያይ፣ «ት»፣ «ቱ» እና «ቶ» በድምፅ የሚዛመዱ መሆን አለባቸው ብሎ ሊገምት ይችላል። ለእኛማ መልካቸውም ስለሚመሳሰል ቀላል ነው፤ በዚያኛው ጽሕፈት ግን ዘመዳሞቹ በመልክ ፈጽሞ አይገናኙም። መምህርቲቱ የድካማቸውን ፍሬ ሳያዩ በ1950 በ43 ዓመታቸው ሞቱ።

ፍሬውን ያየው ማይክል ቬንትሪስ ነው። ሙያው አርክቴክት ነበር። በ1936፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለንደን ውስጥ ከሽማግሌው ከኤቫንስ አፍ ስለ ሰሌዳዎቹ ሰምቶ ነበርና ነገሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀውም። አንዳንዶቹ ቃላት የቀርጤስ ከተሞች ስም ቢሆኑስ ብሎ ሞከረ። «ኮ-ኖ-ሶ» ወጣ፤ ክኖሶስ ማለት ነው። አንዱ ሌላውን እየሳበ ሲሄድ የወጣው ቋንቋ፣ ራሱ ቬንትሪስ ያልጠበቀው፣ ግሪክኛ ሆነ። ከሆሜር በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ግሪክኛ! በሐምሌ 1952 በቢቢሲ ሬዲዮ አስታወቀ። ጥርጣሬውን የገላገለው ደግሞ ብሌገን ከጲሎስ ያወጣው አዲስ ሰሌዳ ነበር፤ የሦስት እግር ጀበና መሳይ ዕቃ ሥዕል አጠገብ «ቲ-ሪ-ፖ»፣ ባለ ሦስት እግር፣ የሚል ተጽፎበታል። ባለ አራት ጆሮው ማሰሮ፣ ባለ ሦስት ጆሮው፣ ጆሮ የሌለው፣ ሁሉም ከነሥዕሉ ተዘርዝሯል። ቬንትሪስ ከአራት ዓመት በኋላ በ34 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

እንግዲህ ዓለም የትሮይን ጦርነት መዝሙር ሲጠብቅ የተነበበው የማሰሮ ቆጠራ ነው።

ሌላውም ያው ነው። በክኖሶስ መዝገብ የተቆጠሩት በጎች ሲደመሩ ወደ 100,000 ይጠጋሉ። ከየመንጋው ስንት ፍሬ ሱፍ እንደሚጠበቅ፣ ስንቱ እንደገባ፣ ስንቱ እንደጎደለ ተጽፏል። በጲሎስ ሰሌዳዎች 750 ያህል ሴት ሠራተኞች ከነልጆቻቸው ተመዝግበዋል፤ ሱፍ ዳማጮች፣ ፈታዮች፣ እህል ፈጪዎች ናቸው። ቀለባቸው እህልና በለስ ነው። ከእነሱ መካከል «የሚሊጢን ሴቶች»፣ «የክኒዶስ ሴቶች»፣ «የሌምኖስ ሴቶች» የሚባሉ አሉ፤ ከባሕሩ ማዶ መምጣታቸውን ያሳያል። በፈቃዳቸው የመጡ አይመስሉም። ወንዶች ልጆችና ሴቶች ልጆች ለየብቻ ተቆጥረዋል። ስም ግን የለም። በሬዎቹ እንኳ፣ በክኖሶስ መዝገብ፣ ስም ነበራቸው።

ስለ ስም ካነሳን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጲሎስ ከተመዘገቡት ባለ መሬቶች አንዱ «አይ-ቲ-ዮ-ቆ» ይባላል። ምሁራኑ ይህን የኋለኛው «አይቲዮፕስ» ጥንታዊ መልክ አድርገው ያነቡታል፤ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ማለትም ያው «ኢትዮጵያዊ» ያልነው ቃል ነው። ሰውየው ከእኛ አገር ሄደ ለማለት አይደለም፤ ጠይም ስለነበር የወጣለት ቅጽል ስም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስማችን በጽሑፍ ከተገኘባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ የመሬት መዝገብ መሆኑ ያስፈግጋል።

ከዚሁ መዝገብ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ግን አንድ ክርክር ነው። ኤሪታ የምትባል ካህን የያዘችው መሬት አለ። እሷ መሬቱ የአምላኳ ነው፣ ነፃ ይዞታ ነው ትላለች። «ዳሞ» ግን አይደለም፣ የጋራው መሬት ነው፣ እንደማንኛውም ባለ ድርሻ ነው የያዝሽው ይላታል። «ዳሞ» የሰፈሩ ሕዝብ፣ አገሬው ማለት ነው። ፀሐፊው ሁለቱንም ወገን ጽፎ አለፈ። ማን እንደረታ አልተገለጸም። አገሬው በዚያ ሁሉ ቆጠራ መካከል አፍ አውጥቶ «አይደለም» ሲል የምንሰማው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ቆይቶ «ዴሞስ» ሆነ፤ «ዴሞክራሲ» ከሚለው ግማሹ እሱ ነው።

የበላዩ ገዥ «ዋናክስ» ይባል ነበር። ከሥር ከሥር ሹማምንት አሉ፤ ከታችኞቹ አንዱ «ቃ-ሲ-ሬ-ኡ» ነው። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ከነሐስ ቀጥቃጮች ጋር ነው፤ ነሐሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍል የሰፈር አለቃ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጭቃ ሹም ብንለው ነውር የለበትም። ይህን ሰው አንባቢ አይርሳው፤ እንመለስበታለን።

ጭቃ ካልን፣ ሰሌዳዎቹ እንዲቆዩ ታስቦ አልተሠሩም። በፀሐይ የደረቁ ብቻ ናቸው። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ በውኃ አርሶ ጭቃውን መልሶ መጠቀም ይቻላል። የእኛን ዘመን ያዩት ቤተ መንግሥቱ ስለተቃጠለ ነው። ያ ሁሉ ዘይትና እንጨት ሲነድ ጭቃውን እንደ ሸክላ ተኮሰው። ስለዚህ በእጃችን ያለው የመጨረሻው ዓመት፣ ምናልባትም የመጨረሻዎቹ ወራት፣ መዝገብ ነው።

ማን አቃጠለው? ጊዜው 1200 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። በጲሎስ ጥቂት ሰሌዳዎች ባሕሩን ስለሚጠብቁ ዘበኞችና ስለ ቀዛፊዎች ያወራሉ፤ የሚመጣውን አውቀውት ነበር የሚሉ አሉ፣ የተለመደ ሥራ ነው የሚሉም አሉ። በዚያው ዘመን የኬጢያውያን ዋና ከተማ ባዶ ሆነች፤ በሶርያ ዳርቻ ዑጋሪት ነደደች፤ የግብጹ ሦስተኛው ራምሴስ ከባሕር የመጡ ሕዝቦችን መታሁ ብሎ በግድግዳ ላይ አስቀረጸ። ድርቁም፣ የምድር መንቀጥቀጡም፣ ወራሪውም፣ የገዛ ገባሩም ተጠርጥረዋል። እኔ ከሁሉም ይልቅ የምመለከተው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ ጽሕፈቱ አብሮ ወደቀ። መጻፍ የሚያውቁት የቤተ መንግሥቱ ጥቂት ፀሐፊዎች ብቻ ነበሩ። የሚጽፉትም የሚቆጠረውን ነበር። የሚቆጥር ሲጠፋ ማን ይጽፋል? እረኛው በጎቹን ለማወቅ ሰሌዳ አላስፈለገውም። እንግዲያስ ሕዝቡ መጻፍን አልረሳም ማለት ነው። ያላወቀውን እንዴት ይረሳል?

ጨለማውም እንደተባለው ድቅድቅ አልነበረም። በ1980 እና በ1981 በኤቭያ ደሴት፣ ሌፍካንዲ በተባለ ቦታ፣ 50 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቤት ተቆፍሮ ወጣ፤ ዘመኑ 950 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። ወለሉ ሥር የአንድ ሰው አመድ ከቆጵሮስ በመጣ የነሐስ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቡ በወርቅ ያጌጠች ሴት ተቀብራለች፤ ራስጌዋ ላይ ባለ ዝሆን ጥርስ እጀታ ቢላዋ አለ። በሌላ ጉድጓድ አራት ፈረሶች። ሴትዮዋ እንዴት እንደሞተች መገመት ለአንባቢ ይተውልኝ። ከዚያም ቤቱ ፈርሶ አፈር ተከመረበት። ይህን የሚያህል ሰው ኖሮ ስሙን የጻፈለት አንድም አልነበረም።

እንግዲህ ያ የነሐስ ቀጥቃጮች አለቃ! ዋናክሱ ሲጠፋ የቀረው እሱ ነው። ከበላዩ የሚያዝዘው ስለሌለ ትልቅ ሰው ሆነ። «ቃሲሬኡ» በአፍ ሲንከባለል «ባሲሌዎስ» ሆነ፤ በሆሜር ዘመን «ንጉሥ» ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ቃሉ ብዙ ተጉዟል። የአክሱሙ ንጉሥ ኤንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ባስቀረጸው የወርቅ ገንዘብ ላይ፣ በግሪክ ፊደል፣ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ማዕረግ ይኸው «ባሲሌዎስ» ነው። «ባስልዮስ» የሚለው የአባቶቻችን ስምም ከዚያው ይመጣል። ጭቃ ሹሙ የት ድረስ እንደደረሰ ይታያችሁ።

ፊደል የተመለሰው በ800 እና በ750 ቅ.ል.ክ. መካከል ነው። ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው፤ የተቀበሉት ከፊንቄ ሰዎች ነው። አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። አበገደን የተማረ ሰው አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት ብሎ ሊቀጥልበት ይችላል፤ የግሪኩም የእኛም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና። የፊንቄ ፊደል አናባቢ አልነበረውም። እኛ በኢዛና ዘመን ገደማ የእያንዳንዱን ፊደል እግርና ራስ እያጠማዘዝን ሰባት አደረግነው። ግሪኮቹ ደግሞ ለአፋቸው ያልተመቹትን የፊንቄ ፊደላት ወስደው አናባቢ አደረጓቸው። አልፍ «ኣ» ሆነ። ወደ 90 የሚደርሱትን የቤተ መንግሥት ምልክቶች ለመያዝ ዓመታት ያስፈልግ ነበር፤ ሃያ ጥቂቶቹን ግን ጎበዝ ልጅ በወር ይጨርሳቸዋል።

እና መጀመሪያ ምን ጻፉበት? በግ አልቆጠሩበትም። ከአቴና የተገኘች አንዲት የወይን ማንቆርቆሪያ፣ ዘመኗ 740 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ አንገቷ ላይ የተጫረው ስንኝ ከጨፋሪዎቹ ሁሉ ቀልጠፍ ብሎ ለጨፈረው የምትሰጥ ሽልማት መሆኗን ይናገራል። በጣልያን ዳርቻ በኢስኪያ ደሴት የተገኘ የመጠጫ ዋንጫም አለ፤ በሦስት መስመር ግጥም፣ ከእኔ የጠጣ ወዲያው ፍቅር ይይዘዋል እያለ ይቀልዳል። የሸክላ ዋንጫ ራሱን ከሆሜሩ ጀግና ከኔስቶር ዋንጫ ጋር ማወዳደሩ ነው! ኔስቶር የማን ንጉሥ ነበር ብትሉ፣ የጲሎስ። ጽሕፈት ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ጠጅ ቤት ገባ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከጠጅ ቤቱም ወደ ፍርድ አደባባይ። ሄሲኦድ የሚባለው የቢኦቲያ ገበሬ ባለቅኔ በ700 ቅ.ል.ክ. ገደማ በጻፈው ግጥም ወንድሙ ፐርሴስ ውርስ ላይ እንደበደለውና ባሲሌዎሶቹ ጉቦ በልተው እንደፈረዱበት ያማርራል። ልብ በሉ፤ የቀድሞው አለቃ አሁን ዳኛ ነው፣ ብዙ ነው፣ ጉቦም ይበላል። አዲሱ ነገር ገበሬው ይህን በስሙ እየጻፈ ማስቀረቱ ነው። በቤተ መንግሥቱ ዘመን ሄሲኦድን ብናገኘው ከነበጎቹ ቁጥር ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ነው «ፖሊስ» የተባለው የከተማ መንግሥት ብቅ ያለው። (ፖሊስ ስል ዱላ የያዘውን እንዳይመስላችሁ፤ ቃሉ ግን ዘመዱ ነው።) አንድ ከተማ፣ ዙሪያው ያለ እርሻ፣ አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ ገበያና የስብሰባ ሜዳ። ብዙዎቹ ከእኛ አንድ ወረዳ ያንሳሉ። ምሁራን ቆጥረው ከ1,000 በላይ አግኝተዋል። ጋሻና ጦሩን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ከጎረቤቱ ጎን የሚሰለፍ ገበሬ በጉዳዩ ልጠየቅ ማለቱ አይቀርም።

ፍቅር ብቻ ነበር ግን አልልም። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው በቴራ ደሴት ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከተማይቱ ከሁለት ወንድማማች አንዱ በዕጣ ወጥቶ ወደ ሊብያ እንዲሄድ ወሰነች። የሄዱት አልቀና ብሏቸው ሲመለሱ ወገኖቻቸው ከባሕሩ ዳር ቆመው ወረወሩባቸው፤ እንዳትወርዱ አሏቸው። ዞረው ሄደው በ631 ቅ.ል.ክ. ገደማ የመሠረቷት ከተማ ቀሬና ናት፤ የመስቀሉን ግንድ የተሸከመው ስምዖን አገር። አገሬው «አይደለም» ማለትን ሲማር፣ በገዛ ወንድሙ ላይም ሊለው እንደሚችል ቴራ አሳየች።

ለእኔ ግን የዘመኑ ትልቁ ጽሑፍ ቀርጤስ ውስጥ ድሬሮስ በምትባል ትንሽ ከተማ የተገኘው ድንጋይ ነው። ዕድሜው 650 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ቦታው የአፖሎ ቤተ መቅደስ ግድግዳ። አጀማመሩ ከተማይቱ ወሰነች ይላል፤ ፖሊስ የሚለው ቃል ራሱ ተጽፏል። የውሳኔው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ «ኮስሞስ» የሚባለውን ከፍተኛ ሹመት የያዘ ሰው አሥር ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ አይያዝም። ቢይዝ፣ የፈረደውን ቅጣት እጥፍ አድርጎ ራሱ ይከፍላል፤ ዕድሜ ልኩን ለሹመት የማይበቃ ይሆናል፤ ያደረገው ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። የንጉሥ ስም የለበትም። ስለ በግ አያወራም። ጥቂት መስመር ነው፣ አለቀ። ቀርጤስ ደግሞ ያችው 100,000 በግ የተቆጠረባት ደሴት ናት። ቆጣሪው አገሬውን በጭቃ በጻፈበት ምድር፣ አገሬው ሹሙን በድንጋይ ጻፈው።

ድንጋይ ላይ መጻፉ ብቻ ሹሙን እንዳልያዘው መገመት አያዳግትም። አቴና የድራኮንን ሕግ በ621 ቅ.ል.ክ. አገኘች፤ ይሁንና ከዚያ በኋላም ገበሬዋ በዕዳ ተይዞ ይሸጥ ነበር። በ594 የተሾመው ሶሎን ዕዳውን ሰረዘ፤ በየእርሻው የቆሙትን የዕዳ ምልክት ድንጋዮች ነቀለ፤ ሰው በራሱ ገላ እንዳይበደር ከለከለ። ባሕር ማዶ የተሸጡትን መልሶ ሲያመጣ አንዳንዶቹ የአገራቸውን ቋንቋ ረስተው እንደነበር ራሱ በግጥሙ ተናግሯል። ሕጉን በእንጨት ላይ አስጽፎ ሰው ሁሉ በሚያይበት አቆመው። ባሪያው ግን ባሪያ ሆኖ ቀረ፤ ሴቷም ጉባኤ አልገባችም።

በመምህራችን መስመር በቀኝ በኩል የነበረችው እስፓርታስ? እሷ ሕጓን አለመጻፍ ሕጓ ነበር ይባላል። በስምንተኛውና በሰባተኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. ጎረቤቷን መሴንያን በጦር ያዘችና ሕዝቡን «ሄሎት» አደረገችው፤ ከመሬቱ ጋር የታሰረ ገባር፣ ግማሹን ምርት ለጌታው የሚያስረክብ። ጲሎስ ያለችው እዚያው መሴንያ ውስጥ ነው። የሱፍ ዳማጮቹ ስም ሳይጻፍ የቀረበት ምድር እንደገና ሰው እንደ ከብት የሚቆጠርበት ሆነ፤ ይኸውም የሆነው ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎ ከጠፋ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ነፃ የወጡት በ369 ቅ.ል.ክ. ነው። የቴቤሱ ጄኔራል ኤፓሚኖንዳስ እስፓርታን ድል አድርጎ ወደ ምድሯ ዘለቀና ሄሎቶቹን ፈታ። እነሱም በኢቶሜ ተራራ ግርጌ መሴኔ የምትባል የራሳቸውን ፖሊስ ሠሩ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል የድንጋይ ቅጥር ዙሪያዋን አጠሩላት፤ ከግንቡና ከበሩ ብዙው ዛሬም ቆሟል።